የማንኪያ ዓሣና የወስፌ ዓሣ

አጎቴ ግንበኛ ነው። ድንጋይ ሲያነሣ ከፊቱ በፊት ጎኑን ያያል። ጎኑ ላይ እንደ ተደራረበ ወረቀት ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ እነሱን በአውራ ጣቱ ይዳብስና ድንጋዩ መሬት ውስጥ ሳለ የትኛው ወገኑ ወደ ላይ እንደ ነበር ያውቃል። ግንቡ ላይም ልክ እንደዚያው አስተኝቶ ያስቀምጠዋል። "ተኝቶ የኖረ ድንጋይ ካቆሙት ይላጣል" ይላል። ይህን ማን እንዳስተማረው ጠይቄው "መዶሻው" ብሎኛል።

የእኛ ቀበሌ ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ወረድ ብላ ነው ያለችው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወንዙ የቦረቦረው ገደል አለ። የገደሉ አናትም እግሩም ጥቁር ድንጋይ ነው፤ መሃሉ ላይ ግን አመድማ መልክ ያለው፣ ተነባብሮ የተኛ ድንጋይ ይታያል። የአካባቢው ሰው ለቤት መሠረት፣ ለወፍጮ ቤት፣ ለአጥር የሚፈነቅለው ይኸንን ነው። ከዚህ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ ዓሣ ይወጣል። ድንጋዩ በመሮ ሲሰነጠቅ በሁለቱም ፊቶች ላይ አንድ ዓሣ ታትሞ ይገኛል፤ አጥንቱ፣ ክንፉ፣ አንዳንዴም ቅርፊቱ ሳይቀር። ሐይቅ በሌለበት፣ ዓሣ ቀምሶ የማያውቅ ሰው በሚበዛበት ደጋ ላይ ይህ ነገር ሊያስደንቀን ይገባ ነበር። እኛ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየነው አይደንቀንም። የደብሩ አለቃ "የኖኅ ውኃ ሲጎድል የቀሩ ናቸው" ይሉናል፤ እኛም እንዲያው ተቀብለን እናልፋለን።

አጎቴ ግን ለዓሦቹ ስም አውጥቶላቸው ነበር። ስሞቹ ሁሉ የቤት ዕቃ ናቸው። ፊቱ ሰፋ ብሎ ወደ ጭራው እየቀጠነ የሚሄደው ማንኪያ ነው። ረጅምና ቀጭኑ፣ አፉ የሾለው፣ ወስፌ ነው። ክብና ጠፍጣፋው ሰፌድ። ጭንቅላቱ ከሰውነቱ የሚተልቀው መጥረቢያ። አንድ ቀን፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ምሳውን ላደርስለት ገደሉ ድረስ ወርጄ "ጋሼ፣ ዛሬ ለምንድን ነው ማንኪያ ብቻ ያወጣኸው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ታች ስለሆንኩ ነዋ" አለኝ። "ታች፣ ጠንካራው ድንጋይ ውስጥ፣ ማንኪያ ብቻ ነው ያለው። ወደ ላይ ስትወጪ ወስፌው ይመጣል። ከዚያ ሰፌዱ፣ ከዚያ መጥረቢያው። ላይኛው ጋ ስትደርሺ ቤት ሙሉ ዕቃ ነው።"

"ለምን?"

"እኔ ምን አውቄ? ታቾቹ ድሆች ነበሩ መሰለኝ፤ በኋላ ዕቃ ገዙ።" ሳቀና እንጀራውን ቆረሰ።

ይህን ጨዋታ ረስቼው ነበር። ያስታወስኩት ዘንድሮ ባሕር ዳር፣ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ነው። መምህርታችን በፕሮጀክተር የዓሣ ቅሪተ አካሎች ያሳዩን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዓሦች መንጋጋ እንኳ አልነበራቸውም፤ ከፊሎቹ ፊታቸው በአጥንት ጋሻ የተሸፈነ፣ ከውኃው ሥር ካለው ጭቃ ብዙም የማይርቁ ነበሩ። በኋላ መንጋጋ ያላቸው መጡ። ጋሻው እየቀለለ፣ ክንፉ እየተስተካከለ፣ ሰውነቱም በየአቅጣጫው እየተለያየ ሄደ። መምህርታችን ሥዕሎቹን ጎን ለጎን አድርገው "ቅርፅ ከኑሮ ጋር ነው የሚሄደው" አሉን። ገላጣ ውኃ ላይ አባሮ የሚበላ ዓሣ መሃሉ ወፍሮ ሁለት ጫፉ እንደ እንዝርት ይቀጥናል። በሸምበቆ መካከል የሚኖር ደግሞ ከሁለቱም ጎኑ ተጠፍጥፎ፣ ከጀርባው እስከ ሆዱ ያለው ቁመት ጨምሮ፣ በጠባብ ቦታ ቶሎ ለመዞር ይመቸዋል። አድብቶ የሚወረወረው ይረዝማል። ከታች ጭቃ ላይ የሚተኛው ጭንቅላቱ ይሰፋል።

"አንድ ዓይነት ዓሣ ባዶ ሐይቅ ውስጥ ቢገባስ?" ብለው ጠየቁን። መልሱንም ራሳቸው ሰጡን። "ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ምግቡንና ቦታውን ይከፋፈሉታል። በብዙ ሺህ ትውልድ ውስጥ ቅርፃቸውም አብሮ ይከፋፈላል። ካላመናችሁ ጣና ዳር ሂዱና ጀልባ ሲራገፍ ቆማችሁ እዩ።"

እኔ የተባልኩትን ሁሉ ማድረግ የምወድ ተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ዓሣ አስጋሪው ከአምባዛውና ከቀረሶው ለይቶ አንድ ክምር አሳየኝ። "እነዚህ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው" አለኝ። ግን አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነበር፣ አንዱ አፉ ወደ ላይ የተገለበጠ፣ አንዱ ጀርባው የጎበጠ፣ አንዱ ቀጥ ያለ። እዚያው ቆሜ የአጎቴ የቤት ዕቃዎች ትዝ አሉኝ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እጄን አውጥቼ፣ በአገራችን ገደል ታች ማንኪያ ብቻ፣ ላይ ግን ወስፌና ሰፌድም እንዳለ ተናገርኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። መምህርቷ ግን አልሳቁም፤ ክፍሉ ሲበተን አስቀርተውኝ አጎቴ ያለውን ቃል በቃል አስደገሙኝ። ከዚያ ምክር ሰጡኝ። ድንጋዩን አትጠቢው። ከየትኛው ንብርብር እንደ ወጣ ሳትጽፊ አንድም አታንሺ። የዓሣውን ርዝመትና ቁመት ለኪ፤ ተጨፍልቆ የሰፋውን ግን ሰፊ ነበር ብለሽ እንዳትቆጥሪ። "ደግሞም" አሉኝ፣ "ታች ሌላ ቅርፅ አልነበረም ከማለትሽ በፊት አልተገኘም በይ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።" ይህችን የመጨረሻዋን በደብተሬ ሽፋን ላይ ጻፍኳት።

አሁን ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር መናገር አለብኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በሁዳዴ ጾም የደብሩ ሰው ተባብሮ አሮጌውን የእሾህ አጥር አፈረሰና በግንብ ተካው። ወንዶቹ ድንጋይ ይፈነቅላሉ፣ ሴቶቹ በጀርባቸው ያወጣሉ፣ አጎቴ ይገነባል። ሥራው ሲጀመር አጎቴ በሕዝቡ ፊት ቆሞ "ከታችኛው አምጡልኝ፤ ላይኛው ውኃ ይጠጣል" ብሎ ነበር፤ እኔም ሰምቼዋለሁ። ግንቡ አንድ ክረምት ቆመ። በሁለተኛው ክረምት፣ ባለፈው ነሐሴ፣ በጠራራ ቀን ከወንዙ በኩል ያለው ወገን ተንዶ የቆሎ ተማሪዎችን ጎጆ ጨፈለቀው። ተማሪዎቹ ትምህርት ላይ ስለ ነበሩ ማንም አልተጎዳም። ግን ጎጆው ውስጥ የተኛ ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ሁሉም ያውቃል።

ከዚያ በኋላ አጎቴን ለሥራ የሚጠራው ጠፋ። ጭቃ ቆጥቦ ነው አሉ፤ ግንቡን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያያይዘውን ማሰሪያ ድንጋይ አላስገባም አሉ። ሠላሳ ዓመት የሠራቸው ቤቶች ሁሉ ቆመው እያለ ስሙ በአንድ ቅጥር ወደቀ። እሱም ምንም አልመለሰም። ለመጨረሻው ፈተና ስዘጋጅ እናቴ ደውላ "በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ሰበካ ጉባኤው ሊነጋገርበት ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ሌላ ግንበኛ ሊያመጡ ነው" አለችኝ። ያ ከሆነ በአገሩ ዳግመኛ መዶሻ እንደማይይዝ ሁለታችንም ገባን።

የሴሚስተሩ እረፍት ደርሶ ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። የወደቁት ድንጋዮች ከላይኛው ንብርብር የወጡ ከሆኑ ጥፋቱ የድንጋዩ እንጂ የአጎቴ አይደለም። ድንጋዮቹ ከየት እንደ ወጡ ደግሞ ዓሦቹ ይናገራሉ። ዳባት እስክንደርስ ድረስ ንግግሬን አዘጋጅቼ ጨርሼ ነበር።

ቤት እንደ ደረስኩ ለአጎቴ ነገርኩት። በረንዳ ላይ ተቀምጦ የዶማ እጀታ ይጠርብ ነበር።

"ተይው ልጄ" አለኝ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ስምህን ላጠራልህ ነው።"

"ገብቶኛል። ተይው። የወደቀ ድንጋይ ምኑ ይቆጠራል?"

እናቴ ከውስጥ ሆና "እሱ ዝም ካለ አንቺ ምን አስጨነቀሽ? ይልቅ ብይ" አለች። እኔ ትሕትናው መሰለኝ። ዳባት ቤት ተከራይቼ ስማር በየወሩ ስንቄን ተሸክሞ ያመላለሰልኝ ሰው ነው፤ አንድም ቀን አመስግኑኝ ብሎ አያውቅም። ስለዚህ ተይው ማለቱን እንደ እሺ ቆጠርኩት።

ሦስት ቀን ለካሁ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ መጀመሪያ ገደሉ ወረድኩ። ታችኛው ንብርብር ጠንካራ ነው፤ መዶሻ ሲያርፍበት ይጮኻል። እዚያ ያገኘኋቸው ዓሦች ሁሉ ማንኪያ ነበሩ፤ ርዝመታቸው የቁመታቸው ሦስት እጥፍ ገደማ። ወደ ላይ ስወጣ ድንጋዩ እየሳሳ፣ በጥፍር እየተላጠ መጣ። እዚያም ማንኪያ አለ፤ ግን ወስፌው ቁመቱን ሰባት ጊዜ ይረዝማል፣ ሰፌዱ ደግሞ ርዝመቱ ከቁመቱ እምብዛም አይበልጥም። መጥረቢያውን እንዴት እንደምለካው ግራ ገብቶኝ ጭንቅላቱን ለብቻ ለካሁት። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለመምህርቷ ስልክላቸው መልሳቸው አንድ ቃል ነበር፦ "ንብርብሩስ?"

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገደሉ ወገብ ላይ ተቀምጬ ሐይቁን ለማየት ሞከርኩ። መጀመሪያ አንድ ዓይነት ዓሣ ይዞ የገባ ወንዝ። ከዚያ ጸጥ ያለ፣ የሚሰፋ ውኃ፤ ዳር ዳሩን ሸምበቆ፣ መሃሉን ገላጣ ውኃ፣ ታቹን ጭቃ። ልጆች ይወለዳሉ፤ አንዱ ጥቂት ረዘም፣ አንዱ ጥቂት ሰፋ ብሎ፤ ለቦታው የተመቸው ብዙ ልጅ ይተዋል። ማንም ሳያስበው፣ ማንም ሳይቸኩል፣ ማንኪያው ወደ ወስፌና ወደ ሰፌድ ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ፣ ያኔ እሳት ሆኖ ሲፈስ፣ ያን ሙሉ ቤት ከነዕቃው ከደነው። አዘንኩላቸው። ለዓሣ አዝኜ አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቅጥሩ የፈረሰበት ሄጄ ከክምሩ ውስጥ ዓሣ ያለባቸውን እየለየሁ በተርታ አስቀመጥኩ። የደብሩ አለቃ መቋሚያቸውን ይዘው መጡና ከበላዬ ቆሙ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየለካሁ ነው አባ።"

"ዓሣ? ስንት ሰው ልታበዪ ነው?"

ሳቅሁና ነገሩን አስረዳኋቸው። ማንኪያ ከታችም ከላይም ስላለ ለብቻው ምንም አይናገርም። ወስፌ፣ ሰፌድና መጥረቢያ ግን እስካሁን ባየሁት ሁሉ ከላይ ብቻ ነው የሚወጡት። በተርታው ውስጥ ደግሞ እነሱ ይበዛሉ።

አለቃ ጎንበስ ብለው አንዱን ሰፌድ አዩት። "የኖኅ ውኃ አንድ ጊዜ ነው የመጣው። አንቺ ታችና ላይ ትያለሽ።"

"አባ፣ እኔ የምለው ታችኛው ቀድሞ ተኛ ነው።"

"እሱስ እውነት ነው። ታችኛው ሳይተኛ ላይኛው በምን ላይ ይተኛል?" ቀና አሉ። "እሑድ ይህንኑ ተናገሪ። እኔ ጸጥ አሰኝልሻለሁ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን። አጎቴ ከዳር፣ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ። ወረቀቴን ይዤ ቆምኩ፤ ዓሦቹን በቤት ዕቃ ስም ስጠራቸው ሰዉ ወዲያው ገባው። አራት ድንጋዮች ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። አንዲት ሴት ሰፌዱን አይታ "ይሄማ የእኔ ነው፤ ገብስ አበጥሬ ረስቼው ነው" ብላ አሳቀች። ስጨርስ "ስለዚህ ግንቡን የጣለው ውኃ የሚጠጣው ላይኛው ድንጋይ ነው፤ አጎቴ ደግሞ ከታችኛው አምጡ ብሎ ነበር" አልኩ። ከፈተና ጥሩ ውጤት የመጣልኝ ያህል ደስ አለኝ።

ቅጥሩ ሲሠራ ወንዶቹን እየመራ ድንጋይ ሲያስፈነቅል የነበረው ሰውዬ ተነሣ። "ታዲያ ጥፋተኞቹ እኛ ነን ማለትሽ ነው?"

"እንደዚያ ሳይሆን..."

"እሺ፣ እውነት ነው። የታችኛው መንገድ ተንዶ ነበር። ላይኛው ይቀርባል፣ ቶሎም ይፈነቀላል። ድንጋይ ድንጋይ ነው ብለን ነው።"

ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ። በዚያን ጊዜ ከአለቃ ጎን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ሲናገሩ እያንዳንዱን ቃል መርጠው የሚያኖሩ፣ እጃቸውን አነሡ።

"ልጄ፣ ጥሩ ተናገርሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እነዚህን ስሞች ማነው ያወጣቸው?"

"አጎቴ።"

"ላይና ታች የሚለውንስ ማነው ያስተማረሽ?"

"አጎቴ ነው።"

"እንግዲያስ እያንዳንዱን ድንጋይ በእጁ አንሥቶ ሲያኖር፣ አንቺ በሜትር ያገኘሽውን እሱ በዓይኑ አላየውም?"

ወረቀቴን ተመለከትኩ፤ የቁጥር መዓት ነበረበት። የዚህ ጥያቄ መልስ ግን አልነበረበትም። ሦስት ቀን ሙሉ በጥንቃቄ የሰበሰብኩት ማስረጃ ሁሉ በአንዴ ዞሮ አጎቴ ላይ ቆመ።

አጎቴ ተነሣ። ጋቢውን ከአገጩ አወረደ።

"አይቻለሁ" አለ። "የመጀመሪያው ሸክም ሲራገፍ ነው ያየሁት። ወስፌ ነበረበት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?" አሉ አለቃ።

"ጾም ነበር አባ። ሴቶቹ ውኃ ሳይቀምሱ ከዚያ ገደል ድንጋይ በጀርባቸው አወጡ። እህቴ፣ የዚህች ልጅ እናት፣ አለችበት። እማማም አሉበት።" ከሴቶቹ መካከል ወደ ተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጠቆመ። "ሸክማቸውን አራግፈው የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ሳሙ። ያኔ ይሄ አይሆንም፣ ሌላ አምጡ ልበል? አፌ እምቢ አለኝ። ጭቃውን አወፍራለሁ፣ ማሰሪያውን አበዛለሁ፣ ይቆምልኛል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ማሰሪያውን አብዝቼም ነበር። አልቆመም።"

እማማ ቀስ ብለው ተነሡ። አዝነው ሊያጽናኑት መሰለኝ።

"ለእኔ ነው ያዘንክልኝ?"

"አዎ እማማ።"

"ማን እዘንልኝ አለህ? አምስት ልጅ በዚህ ጀርባ አዝዬ አሳድጌ፣ አንድ ድንጋይ አይሆንም ብትለኝ የምሞት መሰለህ? ብትነግረኝ እሰድብህና ሌላ አመጣልህ ነበር! በዚያ ጎጆ ውስጥ የሰው ልጅ ተኝቶ ቢሆንስ? ያንን ድንጋይ እኮ እኔ ነኝ የተሸከምኩት። ይህን ሁሉ ወር የእሱ እጅ ነው እያልኩ ተኛሁ። ለካ የእኔም ጀርባ አለበት።"

አጎቴ አንገቱን ደፋ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። እኔ የት እንደምገባ ጠፋኝ።

ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። አንዳንዱ የአምባ ጊዮርጊሱ ይምጣ አለ። አስፈንቃዩ ሰውዬ ደግሞ "እሱን የምናባርር ከሆነ እኔንም አባርሩኝ" አለ። በመጨረሻ አለቃ ነገሩን ቆረጡት። ቅጥሩን አጎቴ እንደገና ይሥራው፤ ድንጋዩ ከታችኛው ይምጣ፤ የማይሆን ድንጋይ ከመጣ ግን ማንም ይሁን ማን ያመጣው፣ በሰው ፊት አይሆንም ይበል። አንድ የማይሆን ድንጋይ ግንቡ ላይ ከተገኘ ሥራው ይነጠቃል። "መሥራት መቻልህን እናውቃለን" አሉት። "እንቢ ማለት መቻልህን ነው የማናውቀው።"

ወደ ቤት ስንሄድ ከኋላው ተከተልኩት።

"ጋሼ፣ አጋለጥኩህ።"

"አጋለጥሽኝ" አለ፤ አላስተባበለልኝም። ትንሽ ሄድንና ቆመ። "ሦስት ቀን ሙሉ ዓሦቹን ሁሉ ለካሽ። እኔን ግን አይተህ ነበር ወይ ብለሽ አንድ ጊዜ አልጠየቅሽኝም።"

"ተይው ስትለኝ..."

"ተይው ያልኩሽ ለዚያ ነው። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። ለአንቺ እነግርሽ ነበር።"

መምህርቷ "አልተገኘም" እና "አልነበረም" አንድ አይደሉም ብለውኝ ነበር፤ እኔ ለዓሣ ተጠነቀቅሁ እንጂ ለሰው መጠንቀቅ እንዳለብኝ አላሰብኩም። አጎቴን የማውቀው ስለመሰለኝ ልጠይቀው አልታየኝም። እሱን ለማስደሰት ስሮጥ እሱ ሊነግረኝ የፈለገውን አልፌው ሄድኩ።

"ተቆጥተሃል?"

"እኔ እንጃ። ዝም ብትዪ ኖሮ ያ የአምባ ጊዮርጊሱ ግንበኛ ይመጣ ነበር፣ እኔም ይህን ነገር ሆዴ ውስጥ ይዤ አረጅ ነበር። የቱ ይሻል እንደ ነበር ገና አላውቅም። ቆይተሽ ጠይቂኝ።" መንገዱን ቀጠለ።

ሥራው ማክሰኞ ተጀመረ። ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር፤ እኔም ከመመለሴ በፊት ጥቂት ቀን ነበረኝ። ወንዶቹ የተናደውን የገደል መንገድ ጠርገው ወደ ታችኛው ወረዱ። አጎቴ ግንቡ ሥር ቆሞ የሚመጣውን ይቀበል ጀመር። እኔም ከሴቶቹ ጋር ገመድ ይዤ ወረድኩ። ታችኛው ድንጋይ ከላይኛው ይከብዳል፤ ከሁለተኛው ምልልስ በኋላ በየመታጠፊያው ቆሜ ማረፍ ጀመርኩ። የመጡት ድንጋዮች ሁሉ ደህና ነበሩ፤ ሰው መሳቅ፣ አጎቴም መቀለድ ጀመሩ።

ምሳ ሊደርስ ሲል እማማ መጡ። አይሸከሙ ቢባሉ አልሰማም ብለው ነው። ድንጋያቸው ትልቅ አልነበረም። እናቴ ከጀርባቸው አወረደችላቸው። አጎቴ አነሣው፣ አዞረው፣ ዳበሰው። ከዚያ ሳያስቀምጠው ቆየ። ከታችኛው ንብርብር ጫፍ፣ ከላይኛው ጋር ከሚገናኝበት የተፈነቀለ መሆን አለበት፤ ዳሩ ላይ ሳስቶ ይላጥ ነበር። ዓሣ አልነበረበትም። ከእሱ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው በቦታው አልነበረም፤ እኔም ብሆን ከፊቱ ላይ ነው ያነበብኩት። ከመሃል ቢያስገባው ማንም አያገኘውም።

አጎቴ ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ።

"እማማ" አለ። "ይሄ አይሆንም።"

"አይሆንም?"

"አይሆንም።"

እማማ ወገባቸውን ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት። "እኔን በዚህ ዕድሜዬ!" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ይሄ ርኅራኄ የሌለው! ከእንጨት ተጠርቦ የተሠራ! እናትህ ይህን ብታይ ምን ትል ነበር?" እየተሳደቡ ድንጋዩን በእግራቸው ወደ ጎን ገፉት፤ ባዶ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉና ወደ ገደሉ ቁልቁል ተመለሱ። ስድባቸው ከመንገዱ ታች ድረስ ይሰማ ነበር።

አጎቴ በመንገዱ መታጠፊያ እስኪሰወሩ ድረስ በዓይኑ ተከተላቸው። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠረገና "ቀጣይ" አለ።